የሬጅስትራሩ መስኮት፦ ከኤደን ማስታወሻዎች

ዓርብ፣ ጥር 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ከጥምቀት ወዲህ የመጀመሪያው የአማርኛ ክፍል ዛሬ ነበር። እዚህ የመን ዕረፍቱ ዓርብና ቅዳሜ ስለሆነ ልጆቹን የምንሰበስበው ዓርብ በጠዋት ነው። ሙስሊሞቹ ለጁምዓ ከመሄዳቸው በፊት ሁለት ሰዓት ያህል አብረውን ይቆያሉ። ክፍሉ ሼክ ዑስማን በሚባለው የኤደን ሰፈር ውስጥ የአንድ ቤተሰብ ሳሎን ነው፤ ፍራሹ ይነሣል፣ ሰሌዳው ግድግዳ ላይ ይደገፋል። መምህርታችን ፊደልና ንባብ ታስተምራለች፤ እኔ በሒሳብና በእንግሊዝኛ አግዛቸዋለሁ።

ለጽሕፈት የሰጠቻቸው ርእስ «ስታድጉ ምን መሆን ትፈልጋላችሁ?» የሚል ነበር። ቶሎ ጨረሱ። ዶክተር፣ ኢንጂነር፣ ፓይለት፣ ደግሞ ዶክተር፣ ደግሞ ኢንጂነር። ደብተሮቹን ስሰበስብ አንዱን የስምንተኛ ክፍል ልጅ «ኢንጂነር ጠዋት ሥራ ሲገባ መጀመሪያ ምን ያደርጋል?» አልኩት። ትንሽ አሰበና «ኮፍያ ያደርጋል» አለኝ። በቴሌቪዥን ያየው ያ ቢጫ የፕላስቲክ ኮፍያ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለውን አያውቅም፤ ማንም አላሳየውም።

አንዷ ልጅ ገጹን ባዶ አድርጋ ሰጠችኝ። አሥራ አንደኛ ክፍል ናት፤ በሒሳብ የሚስተካከላት የለም። ለምን እንዳልጻፈች ብጠይቃት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ጋሼ፣ የምንጽፈው የምንፈልገውን ነው ወይስ የሚሆነውን?» አለችኝ።

መልስ አልሰጠኋትም፤ ጥያቄው ግን ቀኑን ሙሉ አልለቀቀኝም። የእነዚህ ልጆች እናቶች ሰው ቤት ያበስላሉ፣ ያጸዳሉ፣ ፀጉር ይሠራሉ። አባቶች ዘበኛ ናቸው፣ መኪና ያጥባሉ፣ ጎሚስታ ቤት ይውላሉ። የተወሰኑት አባታቸው የመናዊ ነው፣ ሙወለድ የሚባሉት፤ የሌሎቹ ደግሞ ወላጆቻቸው ሁለቱም ከኢትዮጵያ በባሕር የመጡ ናቸው። ከቤት ሲወጡ የሚያዩት ሌላው የሥራ ዓይነት መንገዱ ላይ ነው፦ ከጅቡቲ ኦቦክ ተሻግረው በላሕጅ ዳርቻ የወረዱ፣ በነጠላ ጫማ ወደ ሰሜን የሚጓዙ የእኛው አገር ወጣቶች። ትልልቆቹ ወንዶች ልጆቻችን ሳዑዲ ለመግባት ደላላ ስንት እንደሚጠይቅ ያውቃሉ። ኮሌጅ ለመግባት ስንት ነጥብ እንደሚጠየቅ ግን አንዳቸውም አልነገሩኝም።

ከመምህርታችን ጋር ተነጋገርን። እናወጣቸዋለን። ሰው ሲሠራ እናሳያቸዋለን።

እሑድ፣ ጥር 18

የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህራን በደመወዝ ጉዳይ ሥራ ስላቆሙ ልጆቹ የሥራ ቀናትም ቤት ናቸው። የሚያሳዝን ነገር ነው፤ ለጉብኝቱ ግን መሥሪያ ቤቶች ክፍት በሆኑበት ቀን መውጣት እንችላለን።

ቀኑን ሙሉ ስም ዝርዝር ሳዘጋጅ ዋልኩ። የልጁ ሙሉ ስም በዐረብኛ፣ ዕድሜው፣ የሚማርበት ክፍል፣ ጉርድ ፎቶግራፍ፣ የወላጅ ፊርማና ስልክ። ከላይ ደግሞ «እነዚህ ተማሪዎች ለትምህርት ጉብኝት የወጡ ናቸው» የሚል ደብዳቤ። ያለዚህ ኬላ ማለፍ ከባድ ነው። ሐበሻ ወጣቶች ተሰብስበው ሲታዩ ትናንት ከጀልባ የወረዱ ተደርገው ይታሰባሉ፤ እዚሁ ኤደን ተወልደው እዚሁ ያደጉት እንኳ ቢሆኑ። ለትንንሾቹ ይህን ማስረዳት ያስቸግራል፤ ትልልቆቹ ሳይነገራቸውም ያውቁታል።

ዳባብ የሚባለው ሚኒባስ ሹፌር የነዳጅ ብቻ አስከፍሎን ሊወስደን ተስማማ። እሱም ልጆች አሉት።

ማክሰኞ፣ ጥር 20

ኾርመክሰር። ኬላው ላይ ወታደሩ ዝርዝሩን አንብቦ ፎቶግራፎቹን ከፊታቸው ጋር አስተያየና «ምን ልታጠኑ ነው?» ብሎ ጠየቃቸው። «ጢብ!» አሉ በአንድ ድምፅ፣ ሕክምና። ሣቀና አሳለፈን።

የኤደን ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1970 በመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ ተጀመረ፤ በ1975 ዩኒቨርሲቲ ሆነ። በዚያው ዓመት የሕክምና ኮሌጁ በኩባ መምህራን እገዛ ተከፈተ። ይህን ለልጆቹ ስነግር የእኔን ዘመን ልጆች አስታወስኩ። ያን ጊዜ ከኢትዮጵያም ብዙ ሕፃናት በመርከብ ኩባ፣ ወጣቶች ደሴት ተልከው ተምረዋል። ከባሕሩ ወዲህና ወዲያ የተቀመጡ ሁለት ድሀ አገሮች በአንድ ዘመን ልጆቻቸውን ለማስተማር ወደ አንዲት ሩቅ ደሴት ዞረው ነበር። የጁምሁሪያ ሆስፒታልንም ከውጭ አየነው። የመሠረት ድንጋዩን በ1954 ያኖረችው ንግሥት ኤልሳቤጥ ነበረች፤ በእንግሊዞች ጊዜ በስሟ ይጠራ ነበር።

ግን ታሪክ ለልጅ ቶሎ ያልቃል። የነቁት ከዚያ ወጥተን አንድ ትንሽ ክሊኒክ ስንገባ ነው። የላቦራቶሪ ባለሙያዋ ጠና ያለች የኤደን ሴት ናት፤ ጄኔሬተሯን ስለምጠግንላት ታውቀኛለች። ከአንድ በሽተኛ የተወሰደ ደም በመስታወቱ ላይ እንዴት በስሱ እንደሚዘረጋ አሳየቻቸው። በአንደኛው መስታወት ጫፍ ጠብታውን ገፋ አድርጋ በአንድ እንቅስቃሴ ስባ አሳሳችው፣ አደረቀችው፣ ቀለም ነከረችው። ከዚያ ተራ በተራ ማይክሮስኮፑ ላይ ጎንበስ አሉ። ወባ ነበረበት። በቀዩ የደም ሕዋስ ውስጥ ያለችውን ሐምራዊ ቀለበት ለማየት ትንሿ ልጅ በርጩማ ላይ ቆመች፤ ስታገኛት ትንፋሿን ያዘች።

ከዚያ ጥያቄ መጣ፤ እኔ ያላስጠናኋቸው ጥያቄ። «ስንት ዓመት ተማርሽ?» «ማን አስተማረሽ?» «ስትሳሳቺ ምን ይሆናል?» ለመጨረሻው የሰጠችው መልስ ረጅም ነበር፤ አንድ መስታወት ከሌላ ሰው ስም ጋር ቢቀያየር ምን እንደሚከተል ነገረቻቸው። የተማረችው ዩኒቨርሲቲ አልነበረም። አሚን ናሽር የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት በዲፕሎማ ነው። ልጆቹ በጤና ሙያ ለመሥራት ዶክተር ካልሆኑ ሌላ መንገድ ያለ አይመስላቸውም ነበር። ነርስ፣ ፋርማሲ፣ ላቦራቶሪ፣ አዋላጅ፣ ራጅ፤ በመመለሻው መኪና ውስጥ እየቆጠሩ ሄዱ።

ረቡዕ፣ ጥር 21

መብራት የለም። በእጅ ባትሪ ነው የምጽፈው።

ትናንት ማታ ከእህቴ ጋር በስልክ ስናወራ ጉብኝቱን ነገርኳት። ደሴ አስተማሪ ናት። «እኛ ጋ እኮ» አለች፣ «ልጆቻችን ዩኒቨርሲቲን መጀመሪያ የሚያዩት ሊፈተኑ ሲገቡ ነው።» እውነቷን ነው። ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ጀምሮ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ነው የሚሰጠው። ኩረጃን ለመከላከል ተብሎ የተደረገ ነው፤ ምክንያቱ ይገባኛል። ነገር ግን ከገጠር ወረዳ በአውቶቡስ ተጭኖ የመጣ ልጅ በሩ ላይ ተፈትሾ ይገባል፣ ፍራሽ ይሰጠዋል፣ ይፈተናል፣ ይመለሳል። በመጀመሪያው ዓመት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ነበሩ። በሁለተኛው 3.2፣ በ2016 ደግሞ 5.4 ከመቶ። እንግዲህ ከመቶ ተፈታኝ ዘጠና አምስቱ ግቢውን ያዩት ለመጨረሻ ጊዜም ሊሆን ይችላል። ቤተ መጻሕፍቱን ገብቶ ሳያይ፣ ላቦራቶሪውን ሳይነካ፣ አንድ መምህር ቆም ብሎ ሳያናግረው።

አንድ ቦታ ላይ ሲፈረድብህና ቦታውን አስቀድመህ አይተህ ስትገባ ልዩነቱ ትልቅ ነው። እህቴ ዘጠነኛ ክፍሎቿን ወሎ ዩኒቨርሲቲ ለመውሰድ ታስባለች። ደሴ ስለሆነ በእግር ይደርሳሉ።

ሰኞ፣ ጥር 26

ዛሬ ሕንጻ ለማየት አልሄድንም። ትልልቆቹን ብቻ ይዤ ከኮሌጆቹ በአንዱ የሬጅስትራሩ መስኮት ፊት ቆምን።

ይህን ያደረግኩት አስቤበት ነው። ለልጅ የሚያምር ግቢ አሳይቶ መንገዱን አለማሳየት ክፋት ይሆናል ብዬ አምናለሁ። ከትምህርት ድክመት ይልቅ ብዙውን ጊዜ ልጆቻችንን ከበር የሚመልሳቸው የጎደለ ወረቀት ነው፤ የወረቀቱን ጉድለት ደግሞ የሚያውቁት ቀነ ገደቡ ካለፈ በኋላ ነው። ስለዚህ በሩ ላይ የሚጠየቀውን አሁኑኑ፣ ገና ጊዜ ሳለ፣ ከጠያቂው አፍ ይስሙት።

ጸሐፊው ሽማግሌ ነው። ሰልፉ እስኪያልቅ ጠበቅነውና ሰላም አልነው። «ምዝገባ አሁን የለም፣ ያ ዐም» አለኝ። ለምዝገባ እንዳልመጣን፣ ለማወቅ ብቻ እንደሆነ ነገርኩት። መነጽሩን አነሣና ልጆቹን አየ። ከዚያ ያላሰብኩትን አደረገ፤ በሩን ከፍቶ ወጣና በረንዳው ላይ አብሮን ቆመ።

አንድ በአንድ ነገራቸው። የሳነዊያ፣ ማለት የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ፣ ሰርተፍኬት ዋናው፣ ያለ እሱ ምንም የለም። መታወቂያ ወይም ፓስፖርት። ፎቶግራፍ። ለሕክምናና ለምሕንድስና ከነጥቡ ሌላ የመግቢያ ፈተና አለ። ነጥቡ ያልደረሰ በራስ ወጪ የሚማርበት መንገድ አለ፤ ክፍያው ግን ለድሀ ከባድ ነው። በሌላ አገር የተማረ ሰርተፍኬቱን ማረጋገጥ አለበት። አባቱ የመናዊ የሆነው ልጅ ጻፈ፣ ጻፈ፣ ፈገግ አለ፤ የጎደለው ትንሽ ነው። ያቺ የአሥራ አንደኛ ክፍሏ ልጅ እስክሪብቶዋን ይዛ ቆማ ቆየችና «የስደተኛ ካርድ ያለውስ?» አለች።

ሽማግሌው ቶሎ አልመለሰም። ቀጥሎ «ልጄ፣ በካርድ ገብተው የተማሩ አሉ» አላት። «በእኔ እጅ ያለፉ ሶማሌዎች አሉ። ካርዱ የታደሰ ይሁን። በካርዱ ላይ ያለው ስምና በሰርተፍኬቱ ላይ ያለው ስም አንድ ይሁን። ነጥብሽ ከሌሎቹ ከፍ ይበል። ያኔ ደብዳቤ ይዘሽ ትመጫለሽ።»

ማታ የመጨረሻዎቹን አራት ዐረፍተ ነገሮች በንጹሕ ወረቀት ገለበጥኳቸው። በዚህ ወር ለልጆቻችን የተሰጠ ትልቁ ትምህርት ይህ ነው።

አንዳንድ የማውቀውን እዚሁ ልጨምር። ከዐረብ ልሳነ ምድር አገሮች እ.ኤ.አ. የ1951ዱን የስደተኞች ስምምነት የተቀበለች የመን ብቻ ናት፤ ከ1980 ጀምሮ። የስደተኛ ልጅ እዚህ የመንግሥት ትምህርት ቤት መግባት የሚችለው ስለዚህ ነው። ሶማሌዎች በጅምላ ስደተኛ ተብለው ሲታወቁ የእኛ ሰው ጉዳይ ግን ለየብቻ ይታያል፤ ብዙው ቤተሰብ ዓመታት የሚጠብቀውም በዚህ ነው። በዓለም ላይ ከፍተኛ ትምህርት የሚያገኙት ስደተኞች እ.ኤ.አ. በ2023 ከመቶ ሰባት ያህል ነበሩ፤ የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ድርጅት በ2030 ወደ አሥራ አምስት ለማድረስ ያልማል። ጀርመን ከ1992 ጀምሮ ለስደተኛ ተማሪዎች የምትሰጠው ዳፊ የሚባል የትምህርት ዕድል አለ፤ በአልበርት አንስታይን ስም ነው የተሰየመው፣ እሱም ስደተኛ ስለነበር። እነዚህን ነገሮች ለመምህርታችን ጻፍኩላት፤ ሰሌዳው ጎን ትለጥፈዋለች።

ዓርብ፣ ጥር 30

ዛሬ ከሼክ ዑስማን ሳንወጣ ጎበኘን። የነገርኳቸው የዚሁ ሰፈር ታሪክ ነው። እኔም የሰማሁት ከጥቂት ዓመታት በፊት ጆሃንስበርግ ከሚኖር የባሕር ኃይል ጓደኛዬ ነው፤ ሳንድራ ሼል የምትባል ደቡብ አፍሪካዊት እ.ኤ.አ. በ2018 መጽሐፍ አድርጋዋለች።

እ.ኤ.አ. መስከረም 1888 ኦስፕሬይ የተባለች የእንግሊዝ የጦር መርከብ ቀይ ባሕር ላይ ሦስት የባሪያ ነጋዴ ጀልባዎች ያዘች። ውስጣቸው 204 ሰዎች ነበሩ። አብዛኞቹ ከኢትዮጵያ ምድር በተለያየ መንገድ ተይዘው፣ ከገበያ ገበያ ተሸጠው፣ ዳርቻ የደረሱ የኦሮሞ ልጆች። ወደ ኤደን መጡ። ብዙዎቹን ሕፃናት የተቀበላቸው እዚህ ሼክ ዑስማን የነበረው የስኮትላንድ ሚሲዮን ነው፤ ኪት ፋልኮነር የተባለው መሥራቹ ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ እዚሁ በሠላሳ ዓመቱ ሞቶ ነበር። ልጆቹ ፊደል ቆጠሩ። የኤደን ሙቀትና በሽታ ግን ከመካከላቸው የተወሰኑትን ገደለ። ስለዚህ በ1890 ስድሳ አራቱን፣ አርባ ሁለት ወንዶችና ሃያ ሁለት ሴቶች፣ በመርከብ ወደ ደቡብ አፍሪካ ላኳቸው፤ ላቭዴል ወደሚባለው የታወቀ ትምህርት ቤት። እዚያ ከቀለም ትምህርት ጋር የእጅ ሙያም ይማሩ ነበር።

ከመሄዳቸው በፊት ሚሲዮናውያኑ እያንዳንዱን ልጅ አስቀምጠው ጠየቁት። ስምህ ማነው? አባትህ፣ እናትህ? አገርህ የት ነው? ማን ያዘህ፣ በየት አለፍክ፣ ስንት ጊዜ ተሸጥክ? መልሱን ጻፉት። ያ ወረቀት እስከ ዛሬ አለ። ከመቶ ሠላሳ ዓመት በኋላ እነዚያን ልጆች አንድ በአንድ ማወቅ የተቻለው በዚያ ወረቀት ነው።

ከእነሱ አንዷ ቢሾ ጃርሳ ትባላለች። ላቭዴል ተምራ መምህርት ሆነች። የልጅ ልጇ ኔቪል አሌክሳንደር ጀርመን አገር ቱቢንገን ዶክትሬቱን ሠራ፣ አፓርታይድን በመቃወሙ ከ1964 እስከ 1974 ሮበን ደሴት ታሰረ፣ ሲፈታ ደግሞ ዕድሜውን የአፍሪካ ልጆች በቋንቋቸው እንዲማሩ በመታገል ጨረሰ። በ2012 ነው ያረፈው። ከስድሳ አራቱ የተወሰኑት በ1909 ወደ ኢትዮጵያ ተመልሰዋል።

ክፍሉ ጸጥ አለ። ኦሮሞ የሆነው ልጅ የቢሾን ስም ደጋግሞ ጠራው፣ ከአያቱ ስም ጋር ይቀራረባል መሰለኝ። ትንሿ «ስንት ዓመቷ ነበር?» አለች። «እንዳንቺ ልጅ ነበረች» አልኳት። መንገዱን አብረን ወጣን፣ ገበያውን አቋረጥን። በዚሁ ሙቀት፣ በዚሁ አቧራ ላይ ያገራቸው ልጆች ፊደል መቁጠራቸውን ዐወቁ፤ ከዚህ በላይ የማሳያቸው ሐውልት የለም።

ቅዳሜ፣ የካቲት 1

እኔ ጋ መጡ፣ ጋራዡ። መዓላ ውስጥ ነው፣ ሁለት በር ያለው ጠባብ ቤት። ኤደን መብራት በጠፋ ቁጥር የከተማው ጄኔሬተር ሁሉ ይታመማል፤ ሥራ አላጣም። ሙያውን የተማርኩት በኢትዮጵያ ባሕር ኃይል የሞተር ክፍል ነው። ግንቦት 1983 ዓ.ም. መርከቦቻችን ከአሰብ ወጥተው የመን ሲገቡ ገና ጢሜ አልወጣም ነበር፤ ይዤው የወጣሁት ሙያዬን ብቻ ነው።

ካቻቢቴና ፒንሳ ሰጥቼ ከማስፈታታት ይልቅ በአንድ ነገር ላይ እንዲቆዩ ፈለግኩ። የናፍጣ ኖዝል መረጥኩ። ጣት የሚያክል ብረት ነው፤ ጫፉ ላይ በዓይን እምብዛም የማይታዩ አራት ቀዳዳዎች አሉት። ናፍጣው በእነዚህ ቀዳዳዎች እንደ ጉም ሆኖ ካልወጣ ሞተሩ ጥቁር ጭስ ያጨሳል፣ ነዳጅ ይበላል፣ ኃይል ያጣል። መፈተሻው የእጅ ፓምፕና ጌጅ ያለው ነው። መጀመሪያ አስጠነቀቅኳቸው፦ እጅ አይቀርብም። የሁለት መቶ ባር ግፊት ያለው ናፍጣ ቆዳ በስቶ ሥጋ ውስጥ ይገባል፤ ጣቱን ያጣ ሰው ዐውቃለሁ።

ከኖዝሉ ሥር ካርቶን አስቀመጥኩና ማንሻውን ጫንኩ። ጌጁ ወጣ፣ ወጣ፣ ከሁለት መቶ ላይ ሲደርስ ጥርር ብሎ ረጨ። ካርቶኑ ላይ ሦስት የረጠቡ ነጠብጣቦች ታዩ። «አራት መሆን ነበረበት» አለች ያቺ የአሥራ አንደኛ ክፍሏ ልጅ ወዲያው። ኮምፓስና ማዕዘን መለኪያዋን ከቦርሳዋ አወጣች፤ ከመሐሉ እስከ እያንዳንዱ ነጠብጣብ መስመር ሠራች፣ የጎደለው የት መውደቅ እንዳለበት በእርሳስ ምልክት አደረገች። ቀዳዳውን በቀጭን የብረት ሽቦ ጠረግን፣ በናፍጣ አጠብን፣ እንደገና ጫንን። አራተኛው ነጠብጣብ ከእርሳሱ ምልክት ላይ ዐረፈ።

ልጆቹ ጮኹ። እሷ አልጮኸችም፤ ካርቶኑን አንሥታ አየችውና «ጋሼ፣ ቀዳዳው ትንሽ ቢሰፋ ግፊቱ ምን ይሆናል?» አለችኝ። የማውቀውን ያህል መለስኩላት። ከዚያ ወዲያ ያለውን የሚያስተምሩት መዲነት አሽ ሸዕብ ያለው የምሕንድስና ኮሌጅ መሆኑን ነገርኳት፤ እ.ኤ.አ. በ1978 ነው የተከፈተው። ጥያቄዋ ቦታ አለው፤ ያንን ማወቋ ይበቃኛል።

የስምንተኛ ክፍሉ ልጅ ደግሞ ሲመሽ ሊሄድ አልፈለገም። ወለሉን ጠረገ፣ ጓርኒሲዮኖቹን በመጠናቸው ደረደረ።

ረቡዕ፣ የካቲት 5

ተዋሂ፣ ወደቡ። የጥንት መንገደኞች የሚወርዱበት በር ዛሬም ቆሟል፤ ከተራራው ላይ ያለው የሰዓት ማማም። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ እዚህ ለነዳጅ የሚቆሙ መርከቦች ብዛት ከዓለም ታላላቅ ወደቦች ጎን ያስቆጥር ነበር። ዛሬ ባሕሩ ባዶ ነው። ጦርነቱ ያደረሰውን ለልጆቹ ማብራራት አላስፈለገኝም፤ እ.ኤ.አ. የ2015ቱን አንዳንዶቹ ያስታውሱታል።

እዚህ የነገርኳቸው ስለ አንቶኒን ቤስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1899 ተራ ተቀጣሪ ሆኖ ኤደን የመጣ ፈረንሳዊ፤ ቡናና ቆዳ ነግዶ ከበረ፣ አዲስ አበባም ትልቅ ቅርንጫፍ ነበረው። በ1948 ለኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሚሊዮን ከሩብ ፓውንድ ሰጠ፤ ሴይንት አንተኒስ ኮሌጅ በዚያ ገንዘብ በ1950 ተመሠረተ። ገንዘቡ ውስጥ የኢትዮጵያ ቡናና የኢትዮጵያ ቆዳ አለበት። የሐረር ገበሬ ያመረተው እንግሊዝ አገር ኮሌጅ ሆነ። ይህን ስናገር ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር፤ መምህርታችን ክንዴን ነካ አደረገችኝ። በቤስ ኩባንያ ውስጥ ዲሩባይ አምባኒ የሚባል ሕንዳዊ ወጣት ተቀጥሮ ይሠራ ነበር፤ ተመልሶ ሪላያንስ የተባለውን ግዙፍ ድርጅት መሠረተ። ወንዶቹ ከሁሉ በላይ የወደዱት ይህን ነው። እኔ ግን የምወደው ያ ኮሌጅ የማን ላብ እንደሆነ እንዲያውቁ ነው።

ሻይ በወተት ጠጥተን ተመለስን።

ዓርብ፣ የካቲት 14

ወላጆችን ሰበሰብን። ረመዳን ሳይገባ መነጋገር ነበረብን።

አንዲት እናት፣ ከሁሉም ዝም የምትለው፣ ተነሥታ «የማይገቡበትን በር ለምን ታሳዩብኛላችሁ?» አለች። «ልጄ ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፍ የላትም። ስታጠና ታነጋለች። ሲከለክሏት ማን ነው የሚያጽናናት? እኔ ነኝ።»

የአሥራ አንደኛ ክፍሏ ልጅ እናት ናት። ንግግሯ ትክክል ነው፤ አላስተባበልኩም። ሰው ቤት ስትሠራ ሃያ ዓመት የሞላት፣ ብዙ ተስፋ የተሰጣትና ብዙ ያልተፈጸመላት ሴት ናት። የሬጅስትራሩን ሽማግሌ ቃል የገለበጥኩበትን ወረቀት አወጣሁና አነበብኩላት። ካርዱ የታደሰ፣ ስሙ አንድ፣ ነጥቡ ከፍ ያለ፣ ከዚያ ደብዳቤ። «እትዬ፣ ይገባሉ ብዬ ቃል አልሰጥሽም» አልኳት። «ግን ከአራቱ አንዱ የልጅሽ ነው፤ እያጠናች ነው። ሦስቱ የእኛ የትልልቆቹ ሥራ ነው። የእኛን እንሥራ።»

ተቀመጠች። ትንሽ ቆይታ «ካርዱ የሚያልፍበት መቼ ነው?» ብላ ጎረቤቷን ጠየቀች።

አንድ አባት ልጁን በረመዳን ሱቅ ሊያስገባው እንደሚፈልግ ተናገረ። ኑሮው ስለከበደ ማንም አልወቀሰውም። ማታ ማታ ጋራዥ እንዲመጣ ፈቀደልኝ። ይህ ያ የስምንተኛ ክፍሉ ልጅ ነው።

ሌሎቹ የጠየቁት ስለ ወረቀት ነበር። የልደት ምስክር ወረቀት የሌለው ማን ነው፣ ኢትዮጵያ የተማረው ልጅ መሸኛ የት ይጽፉለታል፣ ሙወለዶቹ የአባታቸውን መዝገብ ከየት ያወጣሉ። መምህርታችን ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ የፕላስቲክ ፋይል ገዝታ መጥታ ነበር። ስማቸውን በላዩ ላይ ጻፈች፣ በአማርኛና በዐረብኛ። አብዛኛው ፋይል ባዶ ነው፤ ምን እንደጎደለው ግን ዛሬ ይታወቃል።

እሑድ፣ የካቲት 16

ያቺ እናት ዛሬ በጠዋት ጋራዥ መጣች። የልጅቱን ካርድና የትምህርት ቤቱን የውጤት ወረቀት ይዛለች። ጎን ለጎን አስቀምጠን አየናቸው። በካርዱ ላይ የአያት ስም አለ፤ በውጤቱ ላይ የለም። የአባቷም ስም በአንዱ በ«ታ»፣ በሌላው በ«ጣ» ተጽፏል። የልደቱ ዓመትም በአንድ ይለያያል። ሽማግሌው የነገረን ይኸው ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ለሳነዊያ ከተመዘገበች በኋላ ማስተካከል በጣም ያስቸግራል፤ አሁን ግን በትምህርት ቤቱ አስተዳደር ማመልከቻ ይቻላል።

ማመልከቻውን በዐረብኛ ጻፍኩ፤ ጎረቤቴ መምህር የነበረ ሰው ስለሆነ አነበበና ሁለት ቦታ አስተካከለልኝ። እናትየው ፈረመች። ጣት ልታትም ነበር፤ ልጇ ባለፈው ዓመት ስሟን መጻፍ አስተምራታለችና ጻፈችው።

መምህራኑ ባይኖሩም ጽሕፈት ቤቱ ረፋድ ላይ ለጥቂት ሰዓት ይከፈታል ብለውናል። ነገ በሦስት ሰዓት እንሄዳለን። ዋናውን ካርድ፣ ሁለት ኮፒና ሁለት ጉርድ ፎቶግራፍ ይዘናል። ሹፌሩንም ደውዬ ነግሬዋለሁ፤ ከረመዳን በኋላ ደግሞ ብረይቃ፣ የነዳጅ ማጣሪያውን ከውጭም ቢሆን ለማየት፣ ልጆቹን እንዲወስድልን ቀን ጠይቄዋለሁ።